ጎረቤቴ የተጻፈችበት ጋዜጣ

ልጆቹ ንገሩን ብለው ያዙኝ። ነገሩን የጫረው የትንሹ የልጅ ልጄ ስልክ ነው። የከተማችን አስፋልት ሲመረቅ የተነሳ ፎቶ ስልኩ ላይ ወጥቶ፣ ከሰዉ መካከል የማዶዋ ባለሱቅ ነጠላዋን አጣፍታ ጎላ ብላ ትታያለች። «እማማ፣ እርስዎስ ጋዜጣ ላይ ወጥተው ያውቃሉ?» አለችኝ ትልቋ ልጅ እየሳቀች። የዱቄት ሙጫ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጥቶ ነበር፤ በፈላ ውሃ የተበጠበጠ፣ ትንሽ ያረረ፣ ጭቃ ግድግዳ ላይ የተቀባ የስንዴ ዱቄት። በቤቱ ውስጥ ዱቄትም ጭቃም አልነበረም። የእኔ አፍንጫ እንዲህ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል።

እሺ፣ ልንገራችሁ። ግን አታጣድፉኝ። ስሄድ መንገድ የምስት ሴት ነኝ፤ ዞሬም ቢሆን መግባቴ አይቀርም።

ያኔ መካነ ሰላም፣ ይቺው ከተማችን፣ እንዲህ አልነበረችም። አንድ ረጅም የአቧራ መንገድ፣ ግራና ቀኝ የተደገፈ የጭቃ ቤት፣ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን፣ ወዲያ መስጊድ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ብቻ ያበራል፤ የሣሩ ጣሪያ ጠቁሮ ይቀራል። ውሃ ልንቀዳ ስንወጣ ከዳገቱ ላይ ቆመን «ዛሬ ደግሞ የማን ቤት አበራ?» እንባባል ነበር። ነፋሱ ከአባይ በኩል ሲነሳ የቆላ ሙቀት ይዞ ይመጣል፤ ማታ ደግሞ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አሁንም ያው ነው፤ ነፋሱን ማንም አልቀየረውም።

እኔ ከገጠር በጋብቻ የመጣሁ ነኝ። ጎረቤቴም እንዲሁ። ከአንድ መንደር፣ በአንድ ሳምንት፣ እሷ ለእስላም ነጋዴ፣ እኔ ለክርስቲያን ልብስ ሰፊ ተድረን፣ ዕድላችን ሆኖ አንድ ግድግዳ የሚለያቸው ሁለት ቤቶች ውስጥ ገባን። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሳል ያስተላልፋል፣ ሳቅ ያስተላልፋል። «እቴ፣ ጨው አለሽ?» ትለኛለች ከወዲያ በኩል፤ ድምጿን ከፍ ማድረግ እንኳ አያስፈልጋትም። ጨውም እሳትም እንዋዋሳለን። ሥጋ የነካው ድስት ግን አይዋዋስም። የእኔ የክርስቲያን ነው፣ የእሷ የእስላም። በዚህ የሚቀየም ሰው የለም፤ ሰርግ ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን ሁለት ቦታ ይታረዳል፣ ሁለት ቦታ ይበላል፣ አንድ ላይ ይመረቃል። ስንኖር የኖርነው እንዲያ ነው።

እንግዲህ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ የሚባል ሰው ነበር። ቀጭን ነው፣ ኮቱ ትከሻው ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል፤ ጆሮው ላይ እርሳስ፣ ኪሱ ውስጥ ደብተር። የከተማዋን ወሬ እየጻፈ አዲስ አበባ ለሚታተም ጋዜጣ ይልካል። ደመወዝ አይከፈለውም፤ ከተማይቱን እንደ ብቸኛ ልጁ ነበር የሚወዳት። ወፍጮ ሲተከል ይጽፋል። የትምህርት ቤቱ አጥር ሲታጠር ይጽፋል። ፀጉር አስተካካዩ የሚሽከረከር ወንበር ከደሴ ሲያስመጣ፣ እሱ ራሱ ላዩ ላይ ተቀምጦ ሦስት ጊዜ ዞሮ ጻፈ። ገበያ ለገበያ እየዞረ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ይላል፤ ሰዉም ሲያየው ወገቡን ያቀናል።

ጋዜጣው በበጋ በጭነት መኪና ከወረኢሉ ይመጣል፣ በክረምት መንገዱ ሲቆረጥ በበቅሎ። የሚደርሰን አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ጸሐፊው በገበያ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያነበዋል። ተነቦ ሲያልቅ ወረቀቱ የሚሰጠው ለተጻፈው ሰው ነው፤ ያ ሰው ወስዶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ይህ ልማድ ሆነና ከተማው አበደ። አንዱ እህል ነጋዴ ቆርቆሮ ቢያጥረው፣ ጣሪያውን በመንገዱ በኩል ብቻ ቆርቆሮ አለበሰና በጓሮው በኩል ሣር ተወው፤ «ጸሐፊው የሚመጣው በፊት በኩል ነው» አለ። ስቀንበታል። ግን ተጻፈ። ለመጻፍ ብሎ ያደረገውን እያወቅን፣ ጋዜጣው ሲነበብ ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ሰማን።

ጎረቤቴ ከቤቷ የፊቱን ክፍል ከፍታ ሻይ ቤት አደረገችው። አራት አግዳሚ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የመስታወት ብርጭቆዎች። ባሏ ሬዲዮ ገዛላት። ሾፌሮቹ እዚያ መውረድ ጀመሩ፤ ጋዜጣውንም እዚያው ትተውላት ይሄዳሉ። ብዙም ሳይቆይ ጸሐፊው ጻፋት። በገበያ መካከል ስሟን ከነአባቷ፣ «ወይዘሮ» ብሎ፣ ጮክ አድርጎ አነበበ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ሰዉ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር፣ አየሁት።

ቅናት እንዴት እንደሚገባ ልንገራችሁ? ጠላት መስሎ አይገባም። «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት፣ ከልቤም ነው። ቤቴ ስገባ ግን ለራሴ እንዲህ አልኩ፤ ከአንድ መንደር፣ በአንድ ሳምንት ወጥተን እሷ ተጻፈች። እኔ የት ነኝ?

ጸሐፊውን መንገድ ላይ ጠበቅሁት። «ጋሼ፣ እኔንስ አይጽፉኝም?» አልኩት።

«ምን አዲስ ነገር አለሽ?»

«ባሌ ልብስ ሰፊ አይደል?»

«ልብስ ሰፊማ ዱሮም ነበረ። አዲስ ነገር ስጪኝ እንጂ፣ እኔ ልጽፍሽ ምን ከፋኝ» ብሎ ሳቀ። ያን ሳቁን ሌሊቱን ሁሉ ስገላብጠው አደርኩ።

በዚያው ዘመን ነው ክፉው ቀን የመጣው። መጀመሪያ ከቆላው በኩል ወሬው መጣ፣ ቀጥሎ ሰዉ መጣ። ከአባይ ሸለቆ ዳገቱን እየወጡ፣ አንዳንዱ ዳገቱ ላይ እየቀረ፣ የደረሰው በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ አጥር ሥር ተቀመጠ። ጩኸት አልነበረውም። ሰው ሲራብ የሚጮህ ይመስለን ነበር፤ አይጮህም። ጠዋት ስንነሳ የምንሰማው የሳል ድምፅና የአቧራ ላይ እግር ብቻ ነው። ጸሐፊው ስለ እነሱ ደብተሩን ሞላ። ላከ። ጋዜጣው ሲመጣ ግን የወፍጮ፣ የድልድይ፣ የሌላ ከተማ መብራት ነው ያለበት። «የእኛስ ነገር?» ሲሉት «ልኬያለሁ፤ አይወጣም» ይልና እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ መልሶ ያስቀምጣታል።

ከዚያ ከበላይ አንድ ሹም ሊመጣ ነው ተባለ፤ የጤና ጣቢያ መሠረት ሊጥል። ማዘጋጃ ቤቱ ለእንግዶቹ ምሳ ይዘጋጅ አለ። የእስላሙን በኩል ጎረቤቴ እንድትሠራ ታዘዘች፤ ሻይ ቤት አላትና ሌላ የታሰበ አልነበረም። የክርስቲያኑን በኩል ማን ይሥራ ሲባል፣ ማንም ስሜን ሳይጠራ «እኔ» አልኩ።

ልጆቼ፣ ያን ቀን የሠራሁትን ወጥ ዛሬም በእጄ አውቀዋለሁ። ለዓመት በዓል የሸሸግሁትን ቅቤ አወጣሁ። እናቴ በክፉ ቀን ብላ የላከችልኝን በርበሬ አወጣሁ። በግድግዳው በኩል የእሷ ሽንኩርት ሲቁላላ ይሰማኛል፤ እሷ ማማሰያዋን ባነሳች ቁጥር እኔም አነሳለሁ። ባሌ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ «ሰው እያለቀ፣ አንቺ ምን ነክቶሽ ነው?» አለኝ። «ማዘጋጃ ቤት አዞኝ ነው» አልኩት። ያዘዘኝ ቅናቴ ነበር።

ሹሙ ከመድረሱ በፊት በአጥሩ ሥር የነበሩትን ሰዎች ከመንገዱ ዞር አደረጓቸው፤ ከከተማው ዳር ካለው ጉብታ ጀርባ፣ ከመኪና በማይታዩበት። እኛ ሁለታችንም አየን። ሁለታችንም ድስታችንን አማሰልን።

እንግዶቹ በሉ፣ ተነሱ፣ መሠረቱ ተጣለ፣ ሄዱ። ብዙ ምግብ ተርፎ ነበር። ጎረቤቴ ሴት ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ድስቷን በጨርቅ ይዛ በራፌ ላይ ቆመች። «እቴ፣ ነይ እንሂድ። የአንቺንም ድስት ይዘሽ። ከጉብታው ጀርባ ናቸው፣ ከሁለቱም ወገን ነው ያሉት» አለችኝ።

«መጣሁ፣ አንቺ ቅደሚ» አልኳት።

አልሄድኩም። ጸሐፊው ገና ማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ላይ ደብተሩን ዘርግቶ ነበር፤ ሳይጠይቀኝ እንዳይሄድ ሠጋሁ። ሲመሻሽ መጣልኝ። «ወጡ ድንቅ ነበር። በይ ስምሽን ከነአባትሽ ንገሪኝ» አለኝ። የአባቴን ስም ሁለት ጊዜ ደገምኩለት። በማግስቱ ድስቴን ይዤ ከጉብታው ጀርባ ስደርስ ማንም የለም። ወደ ሌላ ቦታ ነድተዋቸዋል። የተቀመጡበት ሣር ተኝቶ ነበር፤ አንድ የተሰበረ ቅል ቀርቶ ነበር። ድስቱን ተሸክሜ ተመለስኩ።

ይኼን ስነግራቸው ልጆቹ ቀረብ አሉ። አንዷ ስልኳን አስቀመጠች። እኔም ትንሽ ጉልበቴን አሻሸሁ፣ ሲቀዘቅዝ ይይዘኛል።

ከዚያ ጋዜጣውን መጠበቅ ሆነ። መኪና በመጣ ቁጥር ወደ ደጅ እወጣለሁ። ጸሐፊው ለሥራ ወደ ደሴ ሄዶ በነበረበት ሳምንት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በግድግዳው በኩል የዱቄት ሙጫ ሸተተኝ። በዚያ ክፉ ቀን ዱቄት እሳት ላይ የሚጣደው ለሆድ እንጂ ለግድግዳ አይደለም፤ ግን የሙጫን ሽታ ማንም አይስተውም። ነጠላዬን ሳላጣፋ ዞሬ ገባሁ። ጎረቤቴ አግዳሚ ላይ ቆማ ወረቀቱን በመዳፏ እየተጫነች ትለጥፈዋለች፤ ወደ እኔ ቤት ባለው ግድግዳ ላይ። ሙጫው በክርኗ ይወርዳል።

«ምን ወጣ?» አልኳት።

«አንቺዬ፣ የሹሙ ነገር ነው። ባሌ አነበበልኝ።»

«ጸሐፊው ሳይመጣ? ገበያ ላይ ሳይነበብ?»

«ሲመጣ ከግድግዳው ላይ ያንብበው። ምን ይለዋል?»

«እኔስ አለሁበት?»

ወደ እኔ አልዞረችም። የወረቀቱን ጥግ እንደገና ተጫነችው። «ያነበበልኝ እስከዚህ ነው» አለች።

ጸሐፊው ሲመለስ ሻይ ቤቱ ሞላ። ቅጂውን ቀድማ መለጠፏን አይቶ «ምን ዓይነት ጥድፊያ ነው?» ብሎ ጥቂት ተቆጣ፣ ግን ከግድግዳው ላይ አነበበው። ሹሙ መጣ፣ ከተማይቱ በልማት ላይ ናት፣ ድንጋይ ተጣለ፤ ከዚያ የእስላሙን ማዕድ ያሰናዳችው ወይዘሮ፣ ስሟ ከነአባቷ። በገጹ ግርጌ፣ በአራት ነጥብ፣ አለቀ። ሁለተኛ ጊዜ ተጻፈች። ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ጭብጨባዬ እጄን አቃጠለኝ።

ሲወጣ ተከተልኩት። «ጋሼ፣ ስሜን ከነአባቴ ጽፈው አልነበረም?»

«በእግዜር ስም፣ ጽፌሻለሁ። እዚያ ያሉት የላክሁትን ሁሉ አያወጡትም። ቦታ ሲጠባቸው ይቆርጣሉ፤ የተራቡትንም ቆርጠዋቸው የለ?» አለኝ። ራሱም አዝኖ ነበር። እኔ ግን አላመንኩትም። ከሻይ ቤቷ ነጻ ሻይ ይጠጣል፣ እሷ ናት ያስቆረጠችኝ፣ አልኩ። ቅናት ማስረጃ አያጣም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳው ዝም አለ። እሷ አንድ ሁለቴ «እቴ፣ ጨው አለሽ?» አለችኝ። ጨው በእጄ ይዤ ነበር። አልመለስኩላትም።

ጊዜው ተገለበጠ። ሬዲዮው አንድ ጠዋት ሌላ ዘፈን ያዘ፤ ንጉሡ ወረዱ ተባለ፣ መሬት ለአራሹ ተባለ። ከአዲስ አበባ ተማሪዎች ዘምተው መጥተው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰፈሩ። ልጅ እግሮች ነበሩ፣ ድምፃቸው የተሰነጠቀ፣ ዓይናቸው የማይርገበገብ፤ ክፉዎች አልነበሩም። ከአጥር ሥር የሞቱትን ሰዎች ነገር ሲሰሙ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። የከተማ ማኅበር ተቋቋመ። ያኔ ነው ጉድ የታየው፤ ለመጻፍ ሲራኮት የነበረው ሁሉ ቢላዋ ይዞ ግድግዳውን ሲፍቅ ሰነበተ። ጋዜጣው ማን የማን ወዳጅ እንደነበረ፣ ማን ምን እንደከፈተ ይናገራላ። ባለ ግማሽ ቆርቆሮው ነጋዴ ወረቀቱን ከነጭቃው አንስቶ ጓሮው ውስጥ ቀበረው። መንገዱ ላይ የወረቀት ፍቅፋቂ እንደ ገለባ ይበር ነበር።

ጎረቤቴ አልፋቀችም። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ «አሁንም ልትታይ ነው» አልኩ በሆዴ።

ተማሪዎቹ ሻይ ሊጠጡ ገቡና አነበቡት። በሳምንቱ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ስብሰባ ተጠራ። አቧራው ላይ ተቀመጥን፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። አንድ ጎረምሳ ተማሪ ከግድግዳው ላይ አይቶ የጻፈውን ወረቀት አወጣና በተሰነጠቀ ድምፁ አነበበ፤ «ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ለመኳንንት ድግስ የደገሰች» ብሎ ስሟን ከነአባቷ ጠራ። እሷም ተነስታ ቆመች፣ ልጇን አዝላ።

አሁን የምነግራችሁን ለካህን እንኳ አልተናገርኩም። ስሟ ሲጠራ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፤ ደስታም አይደለም። ቀናሁ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ሦስተኛ ጊዜ ስሟ ከነአባቷ ተጠራ። ለውርደት መሆኑ እንኳ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ገብቶኝስ? ግማሹ ድግስ የእኔ ነበር። ሜዳው ላይ የተቀመጠው የከተማው ሰው በሙሉ ያውቃል፤ ወጤን የበላም አለ። ተማሪዎቹ ብቻ ናቸው የማያውቁት፤ ለእነሱ ያለው የተጻፈው ነው። ማንም ጣቱን ወደ እኔ አልቀሰረም። የእኛ አገር ሰው እንዲህ ነው፤ ያልተጠየቀውን አያወጣም። መነሳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ጉልበቴ ያኔ አያመኝም ነበር፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ጉልበት። አልተነሳሁም። እሷ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ መሬት አየች።

ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዷት፤ ሻይ ቤቱ ታሸገ። ስንቅ ባሏ ያመላልሳል። የእኔም ባል አንድ ቀን ዳቦ ይዞ ሄዷል፤ ማን ጋገረው እንዳትሉኝ፣ ገዝቶ ነው። ማታ ማታ ግድግዳውን ተደግፌ እቀመጣለሁ። ከወዲያ በኩል ሳል የለም፣ ሳቅ የለም። የምመኘው ዝምታ መጥቶልኝ ሳለ ጆሮዬን ጭቃው ላይ እለጥፍ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ተለቀቀች። ከስታ ነበር፤ አንገቷ ረዝሞ። መንገድ ላይ ተገናኘን። «እንደምን ሰነበትሽ?» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለችኝ፣ አለፈች። ከዚያ ወዲያ ንግግራችን ከሰላምታ አልዘለለም።

የታሸገው ሻይ ቤት ምን ሆነ መሰላችሁ? የመሠረተ ትምህርት ክፍል አደረጉት። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት በእሷ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ በእሷ ግድግዳ ፊት ነው። አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ የእኔ ዓይን ከሰሌዳው አልፎ ወደ ጋዜጣው ይሄዳል። ሀ ሁ ብዬ፣ ፊደል ከፊደል ገጣጥሜ መጀመሪያ ያነበብኩት ሙሉ ቃል የእሷ ስም ነው። አስተማሪው «ጎበዝ» አለኝ። ሰሌዳውን ያነበብኩ መስሎት።

በኋላ ግድግዳው ሌላ ወረቀት ተለጠፈበት፣ በዚያም ላይ ሌላ። ባሏ ሲሞት ቤቱን ለተከራይ ትታ ወደ ወረኢሉ፣ ወደ ዘመዶቿ ሄደች። የሄደች ዕለት ከበራፌ ቆሜ ዕቃዋ በቅሎ ላይ ሲጫን አየሁ። ጨው እንኳ አላቀበልኳትም። ብዙ ዘመን አለፈ፤ ጦርነቱም አለፈ፣ ባሌም አለፈ። ወረኢሉ ላይ መሞቷን የሰማሁት ከተቀበረች ከወራት በኋላ ነው፣ ከአንድ በግ ነጋዴ አፍ፣ ገበያ መካከል። «ጀነት ያድርጋት» አልኩ።

አሁን ልጆቹ ያዩት አስፋልት ሲሠራ፣ መንገዱ ይሰፋ ተብሎ የፊት ቤቶቹ ሁሉ ፈረሱ። የእሷም ፈረሰ። ያኔ በጀርባዋ ትታዘል የነበረችው ልጅ፣ አሁን ራሷ ሽበት ያወጣች፣ ቆርቆሮውንና ቋሚውን ልታነሳ ከወረኢሉ መጣች። እኔ ከደጄ ወንበር ላይ ተቀምጬ ግድግዳው ሲናድ አያለሁ። አቧራው ሲረጋ፣ አንድ ገበታ የሚያህል የጭቃ ቁራጭ በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«እትዬ፣ ይቺን ለእርስዎ ስጪልኝ ብላኝ ነበር እናቴ፤ ቤቱ የፈረሰ ቀን» አለች።

ወረቀቱ ነው። ላዩ ላይ የተለጣጠፉት ሁሉ ጠብቀውት አልተበላም። ልጅቱ ውሃ እየረጨች፣ በጥፍሯ ቀስ እያለች፣ ከጭቃው አላቀቀችውና ገለበጠችው። አንድ ቅጠል ወረቀት ሁለት ገጽ አለው፤ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አንዱ ይታያል፣ አንዱ ጭቃ ያያል። ያ ሁሉ ጸሐፊ፣ ያ ሁሉ ተማሪ፣ እኔም ፊደል ቆጥሬ፣ ጀርባውን ያሰበ አልነበረም። ፊቱ በአራት ነጥብ ተዘግቶ ነበርና። መነጽሬን አደረግሁ። በጀርባው አናት ላይ እንዲህ ይላል፤ የክርስቲያኑን ማዕድ ያሰናዱት ወይዘሮ፣ ስሜ ከነአባቴ፤ ቀጥሎም ወጡ በእንግዶቹ ዘንድ እጅግ ተመስግኗል ይላል። ፊደሉ ቡኒ ሆኗል፣ ግን ይነበባል።

«ባሏ ሲያነብላት ሰምታ ኖሯል?» አልኩ።

«ሁለቱንም ገጽ» አለች ልጅቱ። «ራሷ ነግራናለች፣ እየሳቀች። 'የእሷ ወጥ ተመስግኖ የእኔ ዝም ከተባለ፣ ይኼ ገጽ ግድግዳውን ይመልከት አልኩ' ትል ነበር። 'ቀናሁባት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ' ትል ነበር።»

እኔም ሳቅሁ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ የመንገድ ሠራተኞቹ ዞረው አዩኝ። ያን ያህል ዘመን እኔ ብቻ የቀናሁ መስሎኝ! ወረቀቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እንባዬን ስጠርግ፣ ልጅቱ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«በኋላ ግድግዳውን ያልፋቀችው ግን ለእርስዎ ብላ ነው፤ የተፋቀው ወረቀት ተገልብጦ ስምዎ እንዳይወጣ» አለች። «ጣቢያ ሳለችም ጠይቀዋት ነበር። 'የእስላሙን አንቺ ሠራሽ፤ የክርስቲያኑንስ ማን ሠራው?' ብለዋት።»

«ምን አለች?»

«'እሱንም እኔው ነኝ የሠራሁት' አለቻቸው። በአውራ ጣቷ ፈረመች። ቃሏን የጻፈው የማኅበሩ ሰው የመስጊድ ሰፈር ሰው ነበርና ወሬው ዘመድ ዘንድ ደረሰ፤ ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ በእጇ ሠርታ አበላች ተብሎ። ወረኢሉ ከሄድን በኋላ እንኳ፣ ትልቁ አጎቴ እስኪሞት ድረስ ከእናቴ እጅ እህል አልቀመሰም።»